መምሬ ጥላዬ የቀመሱት ኮክ

የመምሬ ጥላዬን ማረፍ የነገረኝ ሰው በግ እየሸጠልኝ ነበር። ደብረ ብርሃን ገበያ ውስጥ ነው። በጨዋታ መሀል የአንኮበር ሰው መሆኑን አወቅኩና፣ "መምሬ ጥላዬ ደኅና ናቸው?" አልኩት። "ኧረ እትዬ፣ ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው" አለና የበጉን ላት አንሥቶ፣ "ይልቅ ይችን ዳሰስ ያድርጓት፣ ስብ በስብ ናት" አለኝ። ዳሰስኩ፤ ምን እንደዳሰስኩ ግን አላውቅም። በጉን ሳልከራከር ገዝቼ እየጎተትኩ ስሄድ፣ ሰው ያየኛል ሳልል መንገድ ላይ አለቀስኩ።

ስለ እሳቸው እስከ ዛሬ ሁለት ዓይነት ወሬ ይወራል። አንዱ ወገን ቅዱስ ያደርጋቸዋል፣ ሌላው ወገን ሞኝ። ሁለቱንም የሚያወሩት በቦታው ያልነበሩ ናቸው። እኔ ነበርኩ፤ የነበረ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ዝም ማለት ይከብደዋል።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ግድም ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ስላክ ድሬሰር ነበርኩ። ድሬሰር ማለት ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ከወጌሻ ከፍ ከሐኪም ዝቅ ያለ ሰው ነው። የአገሬው ሰው ግን "ሐኪሟ" ይለኝ ነበር፤ እኔም ላርማቸው አልቸኮልኩም። ወጣት ነበርኩ፣ አፌም ፈጣን ነበር፤ የተማርኩትን ሁሉ በአንድ ክረምት ለአገሩ አስተምሬ የምጨርስ ይመስለኝ ነበር።

ከሥራዬ አንዱ በሳምንት አንድ ቀን እናቶችን ሰብስቦ ስለ ሕፃን ምግብ ማስተማር ነው። ልጅ አምስት ስድስት ወር ሲሆነው ከጡት ሌላ ምግብ ይልመድ፤ የበሰለ ፍሬ ልጣችሁ፣ ደቁሳችሁ፣ በንጹሕ ሻሽ አጥልላችሁ በማንኪያ ጫፍ አቅምሱት እላለሁ። ሴቶቹ በጨዋነት ይሰሙኝና ስጨርስ ይሳሳቃሉ። አንዷ ደፋር፣ "እንዲያው ሐኪሟ፣ ፍሬ እኮ የእረኛና የዝንጀሮ ነው" አለችኝ። ሌላዋ፣ "ሆዱን ይነፋዋል፣ ብርድም ይገባበታል" አለች። አልፈርድባቸውም፤ በዚያ ብርድ አገር ማን ለሕፃን ፍሬ ሰጥቶ ያውቃል? ልጅ ሲወለድ ቅቤ ይውጣል፣ ቀጥሎ የአብሽ ውኃ ይጠጣል፣ ከዚያ አጥሚት ነው። አጥሚቱም በማንኪያ አይደለም። እናት ልጇን ጭኗ ላይ ታንጋልልና መዳፏን ጎድጎድ አድርጋ አፉ ላይ ትደፋለች፤ ልጁ መተንፈስ ከፈለገ መዋጥ አለበት። እኔም ያደግኩት እንዲያ ነው፣ አልሞትኩም።

አንድ ቀን ከሴቶቹ ኋላ፣ አጥሩ ሥር፣ ነጭ ጥምጥም አየሁ። ሸምገል ያሉ ረጅም ቄስ ጋቢያቸውን ደርበው ቆመዋል። ቄስ ወደ ሐኪም ቤት የሚመጣው ወይ ሲታመም ነው ወይ ሊቃወም ነው ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ትምህርቱ አልቆ ሴቶቹ ሲበተኑ ጠጋ አሉና የጋቢያቸውን ጫፍ ገለጥ አደረጉ። ውስጡ ሕፃን አለች፤ ዐይኗ ትልልቅ፣ አንገቷ ቀጭን።

"ልጄ፣ ያልሽውን በቃሌ ይዤዋለሁ" አሉኝ። "እጄ ግን አልያዘውም። እስቲ አንድ ጊዜ ፊቴ አድርጊው።"

መምሬ ጥላዬ ከከተማው ወጣ ብላ ገደሉ አፋፍ ላይ ባለች ትንሽ ደብር ቀዳሽ ነበሩ፤ ከቅዳሴ የተረፈውን ጊዜ ደግሞ ዜማ ያስተምራሉ። ሚስታቸው ቀደም ብለው ሞተዋል። ቄስ ሁለተኛ አያገባምና ቤቱ ውስጥ የነበረችው ሴት አንዲት ልጃቸው ብቻ ነበረች፤ እሷም በአራስነቷ ሞተች። የቀረችው ይህች የልጅ ልጅ ናት፣ ማኅሌት። አስካለ የምትባል ጎረቤታቸው ከራሷ ልጅ ጋር እያጠባች አቆይታት ነበር፤ አሁን ስታረግዝ ጡቷን ከለከለቻት፤ የእርጉዝ ጡት ልጅ ያሳምማል ይባላልና። የማኅሌት አባት በደሴ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ነው። ቀብር ላይ ደርሶ አለቀሰና ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ፣ "ደብረ ሲና እኅት አለችኝ፣ ልጅቷን እሷ ታሳድጋት" እያለ ሰው ይልካል። መምሬ ጥላዬ የተላከውን ሰው በደንብ አብልተውና መርቀው ባዶ እጁን ይመልሱታል።

የመጀመሪያውን ሙዝ ደቁሼ፣ ፈልቶ በበረደ ውኃ አቅጥኜ፣ በማንኪያ ጫፍ ከንፈሯ ላይ አኖርኩላት። በምላሷ ገፍታ አወጣችው። እንደገና ሰጠኋት፣ እንደገና ገፋችው፤ አገጯ፣ አንገቷ፣ ጋቢያቸው ሁሉ ሙዝ ሆነ።

"ጠላችው" አሉ፤ ፊታቸው ወደቀ።

"አልጠላችውም አባቴ። ምላሷ መጥባት እንጂ መብላት ገና አላወቀም። ይጠብቋት።"

አሰብ አደረጉና፣ "እውነትሽን ነው። ዜማም እኮ ለልጅ ስትሰጪው መጀመሪያ ይተፋዋል" አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጊዜው ብቅ እያልኩ አያቸው ነበር። ለማስተማር ነው የምሄደው እል ነበር እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ለማየት ነው የምሄደው። ማኅሌት ጢማቸውን ትይዝባቸዋለችና ከማብላታቸው በፊት ጢማቸውን በጋቢያቸው አንገት ወደ ውስጥ ይከቱታል። ማንኪያዋ የቀንድ ነች፤ አፍልተው፣ በነፋስ አድርቀው፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ነው የሚያስቀምጧት። ማንኪያዋን ከልጅቷ አፍ ፊት ያቆሙና ዝም ይላሉ። እኔ ብሆን፣ "በይ እንጂ፣ በይ" እያልኩ እወተውታለሁ፤ እሳቸው አንዲት ቃል አይናገሩም። ልጅቷ ጣራ ታያለች፣ ዶሮ ታያለች፣ እኔን ታያለች፤ ማንኪያዋ እዚያው ናት። ኋላ ራሷ አንገቷን ሰገግ አድርጋ አፏን ትከፍታለች። አስካለ አንድ ቀን ይህን አይታ፣ "ኧረ መምሬ፣ እንዲህ እያሉ እስከ ምጽአት ያበሏታል" ስትል፣ "ምን ቸገረኝ፣ ከዚያ ወዲያ ቀጠሮ የለኝ" አሏት።

ሁሉንም ነገር አወቁ ማለቴ ግን አይደለም። ሙዙ ሲሳካላቸው ጠዋት ሙዝ፣ ማታ ሙዝ ሆነ። አንድ ቀን ጥምጥማቸው ዘመም ብሎ እየተቻኮሉ ሐኪም ቤት ድረስ መጡ። "ልጄ፣ ድረሽልኝ፣ ልጅቷ ሆዷ ደረቀ። ታምጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ምንም የለም።" ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ሙዝ ብቻውን ሲበዛ ሆድ ያስራል፣ ፓፓያ ደግሞ ይፈታል፤ እያፈራረቁ ይስጧት አልኳቸው። ልባቸው መለስ ሲልላቸው እሳቸውም ሳቁና፣ "እኔ ማሰርና መፍታት ለካህናት ብቻ የተሰጠ ሥልጣን መስሎኝ" አሉ።

ሙዙንም ፓፓያውንም የምታመጣው ዘይነባ የምትባል የአሊዩ አምባ ነጋዴ ነበረች። ከቆላ አህያዋን ጭና ያን ዳገት ትወጣና ለእሳቸው የመረጠችውን ለብቻ በጨርቅ ቋጥራ ታኖርላቸዋለች። ይህም ወሬ ሆነ። "ቄሱ ከእስላም እጅ እየተቀበሉ ልጅ ያበላሉ" ተባለ። መምሬ ጥላዬ ወሬውን ያመጣላቸውን ሰው አስቀመጡትና አንድ ሙዝ በእጁ ሰጡት። "እየው፣ ልብሱን እንደለበሰ ነው የሚመጣው። የማወልቅለት እኔ ነኝ። ምኑ ላይ ነው ኃጢአቱ?" ሰውዬው ሙዙን ላጠና በላው። ዘይነባ ይህን ስትሰማ፣ "ወላሂ መምሬ፣ ይች ልጅ ከኔ አህያ ላይ ነው ያደገች፣ የኔም ናት" አለቻቸው። "ይሁን፣ አጋማሽ ናት" አሏት፤ ከዚያ ወዲህ ዘይነባ ልጅቷን "አጋማሼ" እያለች ነው የምትጠራት።

አንድ ነገር ደጋግሜ ያስያዝኳቸው አለ፤ ቀምሰው እንዲሰጧት። ትኩስ ይሁን፣ ኮምጣጣ ይሁን፣ ይሻግት፣ በሌላ ማንኪያ ሳይቀምሱ አይስጧት አልኳቸው። ይህን እንደ ሕግ ያዙት። በሚቀድሱበት ቀን ግን እህል ውኃ አፋቸው አይገባምና በዚያን ቀን የምታበላት አስካለ ነበረች።

ፍልሰታ ገባ። ዝናቡና ጭጋጉ አንድ ላይ ሆነው አገሩን ዋጡት። ዳገቱ ጭቃ ሆኖ አህያ አላስወጣ ብሎ ዘይነባ ቀረች። በደብሩ ከሁለት ቄስ በላይ አልነበረም፤ አለቃ ገብረ ሥላሴና መምሬ ጥላዬ ብቻ ናቸው። ቅዳሴ ደግሞ ያለ ሁለት ቄስ አይቆምም። ጾሙ ሲጋመስ ባለው ሳምንት በየዕለቱ ሁለቱም ይገቡ ነበር፤ ሕዝቡ፣ ሕፃናቱ ሳይቀሩ፣ ከቀትር በኋላ ድረስ ጾመው ይጠብቃሉ።

በዚያ ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት አስካለ ታመመችና መነሣት አቃታት። ማኅሌት ከማታ ጀምሮ አልበላችም። በቤቱ ያለው ከጎረቤት አጥር የተለቀመ ኮክ ነው፤ ፀሐይ ያላየ፣ ግማሹ አረንጓዴ። መምሬ ጥላዬ ኮኩን ላጡ፣ ቀቀሉ፣ ደቆሱ፣ በሻሽ አጠለሉ። ልጅቷን አበሏት፤ ለአንዲት ጎረቤት ሰጥተዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

እኔ ያን ዕለት ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ነበር። ከፊታችን አንዲት አሮጊት በቃሬዛ ላይ ተኝተው ቅዳሴውን ይጠብቃሉ፤ ልጆቻቸው ሊያቆርቧቸው ከሩቅ በዝናብ ተሸክመው ያመጧቸው ናቸው። ደወሉ ተደወለ። ከዚያ ምንም የለም። ሰው መተያየት ሲጀምር መምሬ ጥላዬ ልብሰ ተክህኖ ሳይለብሱ፣ በባዶ እግራቸው፣ በሩ ላይ ወጥተው ቆሙ። እጃቸው ገና ከመታጠቡ እርጥብ ነው።

"ወገኖቼ፣ ይቅር በሉኝ" አሉ። "ዛሬ ጠዋት ለልጅቷ ምግብ ስሠራ ቀምሻለሁ። መቅመሴንም ልብ ያልኩት አሁን እጄን ስታጠብ ነው። ዛሬ መግባት አይገባኝም።"

ያየ ሰው አልነበረም። ቢገቡ የሚያውቅባቸው ማንም አልነበረም፤ ሕዝቡ ሁሉ ይህን ያወቀ ይመስለኛል። አለቃ ገብረ ሥላሴ ከኋላቸው ወጡና ሁላችንም በምንሰማው ድምፅ፣ "ዋጡት ወይስ ተፉት?" ሲሉ ጠየቋቸው። አለቃ ጥያቄውን የጠየቁት መውጫ ሊሰጧቸው ነው። "ተፋሁት" ቢሉ ቢያንስ የሚመከርበት ነገር ይኖራል። እኔ በሆዴ፣ ተፋሁት ይበሉ፣ ተፋሁት ይበሉ እያልኩ ነበር።

መምሬ ጥላዬ እርጥብ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

"ዋጥኩት። ኮምጣጣ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ጣፈጠኝ።"

ሕዝቡ ተበተነ። በማግስቱ እሳቸው ገብተው ቀደሱ፣ የዚያን ቀን ግን ቅዳሴ አልነበረም። ጾሞ የዋለ ሰው ሳይቆርብ በዝናብ ወደ ቤቱ ሲመለስ ማየት ቀላል ነገር አይደለም፤ የሚያጉረመርም ነበር፣ የሚያለቅስ ነበር። መምሬ ጥላዬ ከቃሬዛው ጎን ጎን ጭቃውን እየረገጡ እስከ አሮጊቷ ቤት ድረስ ሄዱ። ቃሬዛው ደጃፍ ሲወርድ ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቋቸው። አሮጊቷ ዐይናቸውን ገለጥ አድርገው፣ "ነገም የእግዜር ቀን ነው። ለመሆኑ ኮኩ በስሎ ነበር?" አሏቸው።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አለቃ ገብረ ሥላሴ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሰው ሲተርክ ክፉ ያደርጋቸዋል፣ ሐሰት ነው። የአንድ ደብር ቅዳሴ የተጣለባቸው ሰው ሌላ ምን ሊሉ ይችላሉ? "ዛሬ ኮክ ነው" አሉ። "ነገ ልጅቷ ትታመማለች፣ ከነገ ወዲያ ጥርስ ታበቅላለች። መምሬ፣ አንድ ሰው በአንድ ጠዋት ሁለት ቦታ አይገኝም። ወይ ልጅቷን ለአክስቷ ይስጡ፣ ወይ መቅደሱን ለሌላ ቄስ ይልቀቁ።" መምሬ ጥላዬ ጾሙ እስኪፈታ ጊዜ ለመኑና ተፈቀደላቸው። ለደብረ ሲናዋ አክስትም ራሳቸው ሰው ላኩባት።

አክስቷ አሰለፈች ትባላለች። ደብረ ሲና መንገድ ዳር ለሾፌሮች ምግብ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ፣ ወዛም፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናት። ልጅቷን ልታስጨንቅ የመጣች ክፉ አክስት ጠብቄ ነበርና ሳያት አፈርኩ። ለማኅሌት ሹራብ ሠርታላት፣ ፓፓያም ይዛ መጥታለች። ሌላ ሰው ስታይ ታለቅስ የነበረችው ማኅሌት፣ እሷ ዘንድ ያለ ምንም ለቅሶ ሄደች። መምሬ ጥላዬ ፓፓያውን ደቁሰው ማንኪያዋን ሰጧትና እንዴት እንደምትጠብቅ አሳዩአት። አሰለፈች ገና አንድ ጊዜ አይታ ያዘችው፤ ልጅቷም አፏን ከፍታ ሁሉንም በላችላት።

እኔ ደስ አለኝ። አሁንም የዚያን ጊዜ ደስታዬ ትክክል ነበር ብዬ የምከራከርበት ቀን አለ። ሴቲቱ ደግ ናት፣ ቤቷ ሞቃት ነው፣ ፍሬ በደጇ ያልፋል፣ የዕድሜ እኩዮች አሉላት። ማታ ደጃፍ ተቀምጠን፣ "ተገላገሉ አባቴ። አዩ ስትበላ?" አልኳቸው።

"አየሁ" አሉ። ቆይተው፣ "ልጅቷስ ትበላለች። የማልበላው እኔ ነኝ" አሉኝ።

ከዚያ በፊት ስለ ራሳቸው አንዲት ቃል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ስለ ልጅቷ፣ ስለ ዜማው፣ ስለ ሙዙ ነው። ሚስትም ልጅም የቀበሩ ሰው መሆናቸውን ረስቼው ኖሯል።

በማግስቱ ጠዋት አሰለፈች ማኅሌትን በአንቀልባ አዝላ ተነሣች። እስከ ከተማው ጫፍ ሸኘናት። መምሬ ጥላዬ ልጅቷን በመስቀላቸው ባረኩ፣ አሰለፈችን ባረኩ፣ መንገዱን ባረኩ። የሚባረክ ነገር አለቀ። ይህን ጊዜ ነው የአንቀልባውን ጫፍ መያዛቸውን ያየሁት። አሰለፈች አንድ እርምጃ ስትሄድ አንቀልባው ወደ ኋላ ሳባት፤ ዞር አለችና እጃቸውን አየች።

"አባቴ፣ ይልቀቁኝ፣ መንገዱ ይመሽብኛል" አለቻቸው በቀስታ።

አልለቀቁም። ይቅርታም አልጠየቁ፣ ምክንያትም አልሰጡ፤ እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ አድርገው ይመለከቱታል። አሰለፈች ማዘያዋን ፈታች፣ ልጅቷን አቀፈቻት፣ ሳመቻት፣ ሰጠቻቸው። ሹራቡንም አብራ ሰጠች። እያለቀሰች ብቻዋን ወረደች፤ እኔም አለቀስኩ፣ ለማን እንደማለቅስ ግን አላውቅም ነበር።

ከዚያው ሳንቆም ወደ አለቃ ቤት ሄድን። መምሬ ጥላዬ ልጅቷን እንደታቀፉ፣ "አለቃ፣ ሌላ ቄስ ይፈልጉ" አሉ። አለቃ ልጅቷንም እሳቸውንም አዩና፣ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል" አሉ። "ያባቶች ቃል አይወድቅም" ብለው መምሬ ጥላዬ ጎንበስ አሉላቸው። አለቃ ሲሸኙን በሩ ላይ የልጅቷን እግር በመስቀላቸው ነክተው ባረኳት። ደብሯ ሌላ ቄስ እስክታገኝ ብዙ ቀን ቅዳሴ ታጎለባት፤ አንዳንድ ሰው ይህን እስከ መጨረሻው ይቅር አላላቸውም፣ እነሱም እውነት አላቸው።

እኔ ወደ ደብረ ብርሃን ከመዛወሬ በፊት፣ ማኅሌት በራሷ እጅ መብላት ከጀመረች በኋላ፣ ይቆጭዎታል ወይ ብዬ ጠይቄአቸዋለሁ። ቅዱስ የሚያደርጓቸው ሰዎች አይቆጫቸውም ነበር ይላሉ። እሳቸው ያሉኝ፣ "በየጠዋቱ ይቆጨኛል። ደወል በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል" ነው። "ታዲያ እንደገና ቢጠየቁስ?" ስላቸው፣ "እንደገና እንዳልጠየቅ ነው የምጸልየው" አሉ።

ከሁሉም የማልረሳው ግን አዲሱ ቄስ የመጡበትን እሑድ ነው። መስቀል አልፎ፣ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። መምሬ ጥላዬ ማኅሌትን ታቅፈው መጡ። ከመሪጌቶቹ ጋር ሊቆሙ ይችሉ ነበር፣ ክህነታቸውን ማንም አልነካባቸውም፤ ልጅ ታቅፎ ግን ከከበሮና ከጸናጽል መሀል አይቆምምና በሴቶቹ በኩል ገብተው አጠገቤ ቆሙ። ሴቶቹ መጀመሪያ ተያዩ፤ ቀጥሎ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው።

ቅዳሴው ሲሄድ ከንፈራቸው አብሮ ይሄድ ነበር። ካህኑ የሚለው ላይ ሲደርስ አፋቸው ይከፈትና ድምፅ ሳያወጣ ይዘጋል። አዲሱ ቄስ ድምፃቸው ጎልማሳ፣ ዜማቸው ያማረ ነው፤ መምሬ ጥላዬ አንድ ሁለት ጊዜ በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ዲያቆኑ የመቅደሱን መጋረጃ ሳበና ዘጋው። ያን ሁሉ ዓመት መጋረጃው ሲዘጋ ከውስጥ የነበሩ ሰው፣ ያን ቀን ከእኛ ጋር ውጭ ቀሩ። ዐይናቸውን ሳይነቅሉ አዩት። እንባቸው ሲወርድ አልጠረጉትም።

"ልጄ" አሉኝ በሹክሹክታ፣ "ከዚህ በኩል ሲያዩት እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።"

ማኅሌት መነጫነጭ ጀመረች፤ የምትበላበት ሰዓት ደርሶ ነበር። መጋረጃው ሳይከፈት ይዘዋት ወጡ።